የአራት ሰዓቱ ደዋይ

ጥቅምት 19 ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ

ለምወድሽ ለሰባተኛዬ፣ ለኩርፊያዋ ንግሥት፤

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ማማረር ልማዱ ሆኖ ነው እንጂ ያን ያህል አልከፋብኝም። ይህን ደብዳቤ ስታይ «እማዬ ደግሞ በዚህ ዘመን ወረቀት ምን አስያዛት?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ስደውል አታነሺም። መልእክት ብልክልሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ በሁለት ቃል ትሸኚኛለሽ። ስልክ ጆሮ ላይ ይዘጋል፤ ደብዳቤ ግን ብትናደጂበትም ጠረጴዛሽ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ካልቀደድሽው ማለቴ ነው። እባክሽ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትቅደጂው።

አሁን ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ለጥርስ ሐኪሟ ክሊኒክ የምሰፋው መጋረጃ መኪናው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ስድስት መስኮት አላት፤ ስድስቱም አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ያንን ቤት የሠራው ሰው ሜትር የሚባል ነገር አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በዚህ ሰዓት ሥራዬን ማቆም ልማድ ሆኖብኛል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ነው ዛሬ የምነግርሽ፤ ነገሩ ያስቃልም፣ ያሳፍራልም።

የጀመረው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ያንን ከልጅነትሽ ጀምሮ በቃልሽ የያዝሽውን ቁጥር ዛሬ ዛሬ የሚደውልበት የለም፤ ሰው ሁሉ የሚፈልገኝ በሞባይሌ ነው። መኪናውን አቁሜ፣ ስፒሎቹን ከአፌ አውጥቼ (እንዳትቆጪኝ፣ አሁንም በአፌ ነው የምይዛቸው) ሄጄ አነሳሁት። «አቤት» አልኩ። ዝም። «ሃሎ?» አልኩ። ዝም። ግን ባዶ ዝምታ አልነበረም። ከወዲያ በኩል ማራገቢያ የሚመስል ነገር በቀስታ ያጉረመርማል። ደቂቃ ከሞላ በኋላ ራሱ ተዘጋ። በስልኩ ትንሽ መስኮት ላይ የወጣውን ቁጥር አላውቀውም።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ ዝንፍ ሳይል፣ እንደገና ጮኸ። ቁጥሩ ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ተመልሶ መጣ። ሦስት የማላውቃቸው ቁጥሮች ተራ ገብተው፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ልክ በአራት ሰዓት ይደውላሉ። ሦስቱንም በጠመኔ የጨርቅ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጻፍኳቸው።

ለጎረቤታችን ለዳይሬክተሯ ነገርኳት። ትምህርት ቤቱን ከለቀቀች ስንት ዓመቷ፣ አሁንም በሩን ከፍታ ስትገባ ብድግ ማለት ይዳዳኛል። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ቁጥሮቹን የፈተና ወረቀት እንደሚያርም ሰው አየቻቸው።

«ሌቦች ናቸው» አለች። «ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን እያጣሩ ነው።»

«በየቀኑ እቤት ነኝ እኮ። ስንት ቀን ነው የሚያጣሩት?»

«እንግዲያውስ ወዳጅ አበጅተሻል።»

«በዚህ ጉልበት?»

«ጉልበትሽን በስልክ አያየው!» አለችኝ። ሳቅን። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩ አይመስለኝም። ከዚያ ፊቷን ቆጠር አድርጋ «አንሺና አንቺም ዝም በዪ። ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን» ብላ አዘዘችኝ።

አንድ ሳምንት ሙሉ እንዳዘዘችኝ አደረግኩ። እነሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ ታውቂያለሽ። በስምንተኛው ቀን ግን ከወዲያ በኩል ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ጉሮሮ እንደመጥረግ ያለች ትንሽ ሳል። የሴት ሳል ነበረች። እኔም ሳላስበው «ልጄ፣ አንቺ ነሽ?» አልኩ። መልስ የለም። ግን ደቂቃዋ እስክትሞላ አልዘጋችውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ መሆንሽን አልተጠራጠርኩም። ሦስቱን ቁጥሮች ራሴው አከፋፈልኳቸው፤ አንደኛው ያንቺ፣ ሁለተኛው አብራሽ የምትኖረው ልጅ፣ ሦስተኛው የሥራ ቦታሽ። በርካሽ መስመር ከባሕር ማዶ ሲደወል የአገር ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይወጣል ሲባል ሰምቼ ነበር። በቃ፣ ለመናገር ኩራትሽ አልፈቀደልሽም፤ እንዳትደውዪ ደግሞ አንጀትሽ አልቻለም አልኩ። ኩራቱን ከእኔ ነው የወረስሽው። አንጀትሽ የአባትሽ ነው።

ስለዚህ ማውራት ጀመርኩ። የምትሰጪኝ አንዲት ደቂቃ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት እየሰፋሁ ምን እንደምልሽ አዘጋጃለሁ። ምሳሽን በሰዓቱ ብዪ አልኩሽ። ያንን አንገቱ ክፍት የሆነውን ካፖርት ጣዪው አልኩሽ። የሆቴሉን መጋረጃ ታሪክም ነግሬሻለሁ፤ አርባ ሁለት ሜትር ሰፍቼ፣ ዘምዝሜ፣ ቀለበቱን ሁሉ ከገጠምኩ በኋላ ነው አበባው ቁልቁል መሆኑን ያየሁት! ሌሊቱን በጭንቀት አድሬ ሳስረክበው የሆቴሉ ሰውዬ ራቅ ብሎ አየና «አዲስ ፋሽን ነው፣ አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ገና መግባቱ ነው» አልኩት። ይህን ስነግርሽ ከወዲያ በኩል ሰው ሳቁን አፍኖ ሲይዝ ሰማሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ስዘፍን ዋልኩ። ዳይሬክተሯ ግድግዳውን መታችብኝ።

አባትሽንም አነሳልሽ ነበር። ጫማዎቹን ለማንም እንዳልሰጠሁ፣ ያ የሚያንቋርረው ወንበሩ አሁንም እንደሚያንቋርር፣ ለምን ሰባተኛ እንደሚልሽ። አምስት ዓመትሽ ነበር። ሥራ ቦታው ወስዶሽ ሊፍት ውስጥ ስትገቢ ቁጥር ሰባትን ተጫንሽ፤ ስትደርሱ አልወርድም ብለሽ መሬት ተቀመጥሽ፤ እንደገና ሰባትን ተጫንሽ። ቀኑን ሙሉ ላይ ታች ስትዪ ዋልሽ። «ሠራተኛ አገኘሁ፤ ከአንድ ፎቅ በቀር አታውቅም» እያለ ይስቅብሽ ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። አባትሽ ሲሞት ደውዬ ስነግርሽ ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም። «አራት ወር ሙሉ ታሞ ለምን አልነገርሽኝም?» ብለሽ ጮኽሽ። እኔም «አትንገሪያት ያለኝ እሱ ነው፤ ፈተናዋን እንዳታቋርጥ ብሎ ነው» አልኩሽ። «አባቴን ሳልሰናበተው አስቀበርሽው» ብለሽ ዘጋሽው። ይኸው ስምንት ወር ሆነ፣ ድምፅሽን አልሰማሁም።

መስከረም ውስጥ፣ አንድ ረፋድ፣ ስለዚያ ነገር እውነቱን ለስልኩ ተናገርኩ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን። ምን እንዳልኩ እዚሁ ደብዳቤ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ። ተናግሬ ስጨርስ ከወዲያ በኩል ሴት ልጅ ስታለቅስ ሰማሁ። ተዘጋ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ መቼም ከእንግዲህ አትደውልም ብዬ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። በማግስቱ ልክ በአራት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ልጄ፣ ይቅር አልሽኝ ብዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ይህ ጉልበት ለዚያ ሲሆን አልታመመም።

ሰኞ ዕለት፣ የዚህ ሳምንት ሰኞ ማለቴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ያለ ሰዓቱ ጮኸ። ሳየው ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ ነው። ልትናገር ነው አልኩ። ብድግ ስል የክር ሳጥኑን ገለበጥኩት።

«ልጄ!» አልኩ።

«አለሁ! እዚህ ነኝ! ይሰማል?» የወጣት ሴት ድምፅ፣ በለቅሶ የታፈነ።

«ይሰማል የኔ እናት፣ ይሰማል! እኔ ነኝ፣ አይዞሽ!»

«እባክዎ ሰው ይላኩልኝ። ሊፍቱ መሃል ላይ ቆሞብኛል፤ መብራቱም ጠፋ። በሩ አልከፈት አለኝ!»

አንቺ እኔን «እርስዎ» ብለሽኝ አታውቂም። ድምፁም ያንቺ አልነበረም። ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገርሽ? ስልኩን አስቀምጬ መሄድ ፈለግኩ። ግን ልጅቷ መስመሩ ላይ ናት፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። አባትሽ ሠላሳ ዓመት እራት ላይ ሲደጋግምልኝ የኖረው ነገር ሁሉ ራሱ ከአፌ ወጣ።

«ስሚኝ፤ በሩን አትግፊው። መሬት ላይ ተቀመጪ። ሊፍት አይወድቅም፣ አየሩም አያልቅም። ባሌ የሊፍት ሙያተኛ ነበር፤ አልዋሽሽም። ተቀመጥሽ?»

«ተቀመጥኩ።»

«የት ሕንፃ ነው ያለሽው?»

ነገረችኝ። አባትሽ ዕድሜውን ሲሠራበት የኖረው፣ ያ ዘጠኝ ፎቁ፣ ያንቺ ሰባተኛ ፎቅ ያለበት ሕንፃ ነው። በሌላው እጄ ሞባይሌን አነሳሁና ጓንቴ ጋ ደወልኩ። ጓንቴን ታስታውሺዋለሽ፤ አባትሽ ሙያ ያስተማረው፣ ጓንቱን ሻይ ሲጠጣ እንኳ የማያወልቀው ረጅሙ ልጅ። አሁን የድርጅቱ ሙያተኛ እሱ ነው። «ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል» አለኝ።

ያን ሃያ ደቂቃ ስልኩን አልለቀቅኩም። ልጅቷ አምስተኛ ፎቅ ላይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ እየሄደች ነበር። ጫማው የእህቷ ነው፤ ይጠብባታል። «አውልቂው፤ ጨለማ ውስጥ ማን ያይሻል?» አልኳት። ሳቀች። ለእናቷ ለመደወል ፈርታለች፤ «ትደነግጥብኛለች» አለችኝ። «ትደንግጥ» አልኳት። «ለእናት ሰምቶ መደንገጥ ይሻላታል።» ይህን ስል ምን እያልኩ እንደሆነ ገባኝና አፌን ያዝኩ። ከዚያ የጓንቴ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፣ ብረት ተንኳኳ፣ መብራት መጣ መሰለኝ ልጅቷ «ኡፍ!» አለች። ተዘጋ።

ማክሰኞ ጓንቴ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እቤት መጣ። ጓንቱን አወለቀ። ነገሩ ከባድ መሆኑን ያኔ አወቅኩ።

«ሊፍቶቹ ውስጥ ያለውን የአደጋ ጊዜ ስልክ የገጠሙት ጋሼ ናቸው» አለኝ። «ሊታመሙ አንድ ወር ሲቀራቸው። ሦስት ሊፍት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ስልኮቹ መስመሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ በየሦስት ቀኑ፣ ሰው ሳይነካቸው፣ ራሳቸው ይደውላሉ፤ በተራ። ድሮ የሚደውሉት ወደ ቢሮ ነበር። ቢሮው ሐምሌ ላይ ሲዛወር የድሮው ስልክ ተቋረጠ፤ እኛም ቁጥሩን መለወጥ ዘነጋን። አንደኛው ቁጥር ሲጠፋባቸው ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ።»

«ሁለተኛው ደግሞ እኔ ነኝ?»

ከኪሱ አንድ ካርድ አወጣ። ላይኛው ፎቅ፣ ሞተሩ ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረ ነው። የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ መስመሩ እንደልማዱ ወደ ላይ ተንጋዷል፤ ያ ሰውዬ ሲጽፍ እንኳ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። «አንደኛ ቁጥር፦ ቢሮ» ይላል። ከሥሩ የቤታችንን ቁጥር ጽፎ፣ «ሁለተኛ፦ ቤት። ሁልጊዜ ሰው አለ» ይላል። እኔን ሳይጠይቅ! ለተቆለፈበት ሰው ከመፍቻ በፊት የሚያስፈልገው የሚያነሳለት ሰው ነው ይል ነበር፤ ያ ሰው እኔ መሆኔን ግን አንድም ቀን አልነገረኝም።

ካርዱን ሳይ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። «ጓንቴ፣ እኔ በየቀኑ ሳወራ… ድምፄ የት ነበር የሚሰማው?»

መሬት መሬት አየ። «ሊፍቱ ውስጥ ነዋ፣ እማማ።»

ጉድ በዪኝ! ሦስት ወር ሙሉ በየረፋዱ ከሊፍቱ ግድግዳ «ልጄ፣ ምሳሽን በሰዓቱ ብዪ» የሚል ድምፅ ሲወጣ አስቢው! መጀመሪያ ደንግጠው የወረዱ አሉ አለኝ። በኋላ ግን አራት ሰዓት ሲሆን ደረጃውን ትተው ሊፍት የሚጠብቁ ሰዎች መጡ። አራተኛ ፎቅ ያሉት የሂሳብ ሠራተኞች ቁልቁል ስለሆነው አበባ አሁንም እያነሱ ይስቃሉ። የሕንፃው ጥበቃ «የሊፍቷ እናት» የሚል ስም አውጥቶልኛል።

«ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ለምን አልመለሰልኝም?»

«አፍረው ነዋ። ኋላ ደግሞ… ቢመልሱልዎ ማውራትዎን የሚተዉ መሰላቸው።»

«ያቺ ያለቀሰችውስ? መስከረም ላይ?»

እሱንም ያውቃል። ከሂሳብ ሠራተኞቹ አንዷ ናት፤ ያን ቀን ፈቃድ ጠይቃ እናቷ ጋ ሄደች። ጓንቴ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። እሱም ያልኩትን ሰምቷል ማለት ነው። ሻይ አፈላሁለት፤ ጠጣን። ከሄደ በኋላ መጀመሪያ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ይቅር ያለኝ ሊፍት ነበራ! ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ ሰው የሰማውን አንቺ ብቻ አልሰማሽውም።

ስለዚህ አሁን ልንገርሽ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ደውለሽ ነበር። አባትሽ ሶፋው ላይ፣ ከስልኩ ሦስት እርምጃ ርቆ ተጋድሟል። «አባዬስ?» አልሽኝ። «ሊፍት ተበላሽቶ ጠርተውት ወጣ» አልኩሽ። «እሑድም?» አልሽ። «እሑድም» አልኩ። አባትሽ ሰማኝ። አልተቆጣኝም፤ ፈገግ ብሎ በጣቱ ወደ ጣሪያው አመለከተ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው በያት ማለቱ ነው። አልኩሽ። አንቺም ሳቅሽ፤ ሳቅሽ እዚህ ድረስ ተሰማ። ያን ጊዜ እጁን ዘረጋ። መዳፉን ከፍቶ ወደ እኔ ዘረጋ። ስልኩን ስጪኝ ማለቱ ነበር።

አየሁት፣ ልጄ። አየሁትና ጀርባዬን ሰጠሁት።

ድምፁ በጣም ሰልሎ ነበር። አንዲት ቃል ብትሰሚ ታውቂ ነበር። ካወቅሽ ትመጫለሽ፤ የመኖሪያ ወረቀትሽ ገና አላለቀም፤ ከመጣሽ መመለሻ የለሽም፤ ያን ሁሉ ዓመት የለፋሽበት ገደል ይገባል። ደግሞም ይድናል ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ይድናል ብዬ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ስዞር እጁ እንደተዘረጋ ነው። «ነገ እንደውልላታለን» አልኩት። «እሺ» አለኝ። በነጋታው «ዛሬስ?» አለኝ፤ «ነገ» አልኩት። በሦስተኛውም ቀን ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተው። አትንገሪያት ብሎኝ አያውቅም። አንድም ቀን። ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ሞቶ እንኳ ጥፋቴን እሱ ላይ ጣልኩበት። መሰናበቱን የከለከልኩት ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ ለእሱም ነው።

ይኸው። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አለኝ። ይቅር በዪኝ ልጄ። ጊዜ ከፈለግሽም ውሰጂ፤ ቀርተሽ እንዳትቀሪ ብቻ።

ትናንት ረፋድ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ደወሉ። ጓንቴ ከሰዓት በኋላ ቁጥራችንን ሊያወጣው ነበርና። «አንዱን ብቻ ብትተውልኝስ?» ብዬው ነበር፤ ለካ ሕጉ አይፈቅድም። ስልኩን አነሳሁና «እንደምን አደራችሁ? ለካ ስረብሻችሁ የከረምኩት እናንተን ነው፤ ከዛሬ በኋላ አልደርስባችሁም» አልኩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው መለሰልኝ። በዕድሜ ገፋ ያለ የወንድ ድምፅ ነው።

«እማማ፣ ልጅዎ ደወለችልዎ?»

«አልደወለችም። እሷን ሳይሆን እናንተን ነበር የማወራው» አልኩ።

«እንግዲያው ይጻፉላት» አለኝ። ከኋላው አንዲት ሴት «ይጻፉላት፣ እውነታቸውን ነው» ስትል ተሰማ። ተዘጋ። ይህን ደብዳቤ ያጻፉኝ እነሱ ናቸው፤ ብትናደጂ ከቁጣሽ ለእነሱም አካፍዪያቸው።

ያቺ በጠባብ ጫማ የሄደችው ልጅ ሥራውን አግኝታለች። ጓንቴ ነው የነገረኝ።

አሁን ሰዓቱን ቀና ብዬ አየሁት። አራት ከሩብ ሆኗል። ስጽፍልሽ አለፈ፤ ስልኩ አልጮኸም። እንደማይጮህ እያወቅኩ ጆሮዬ እዚያው ነበር። ወደ ጥርስ ሐኪሟ ስድስት መስኮት ልመለስ።

ልጄ፣ ስትደውዪ ምን እንደምትዪኝ ማሰብ አይክበድሽ። መናገር ካቃተሽ ደውለሽ ዝም በዪ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ለዝምታ ሳወራ ከርሜያለሁ፤ ለአንቺም አወራለሁ። ከፈለግሽ አንዲት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ዝጊው። በማግስቱም እንደዚያው።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ስትጠሪ የሚያነሳልሽ፣ ስታንኳኪ የሚከፍትልሽ ሰው አያሳጣሽ። ብርድ አይንካሽ። ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፤ ደግ ሰው ሲመጣ ደግሞ በኩርፊያ አታሳልፊው። የአባትሽ ምርቃት እጁን ዘርግቶ የሄደው ነው፤ ያንቺ ነው፣ ውሰጂው።

የምትወድሽ
እናትሽ

ካርዱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ጓንቴ ግድግዳው ላይ አዲስ ስለለጠፈ ይህኛውን ለእኛ ተወልን። ጽሑፉን አንቺ ያዢው፤ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። የቤቱ ቁጥር ያው የድሮው ነው። በአራት ሰዓት መስመሩን የሚይዝብሽ ከእንግዲህ የለም።